ከዐሥራ ስድስቱ አንዷ

ኮንት ኤርቪን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ የሚነበብላቸው በልጃቸው በሲዶኒ አፍ ነበር። እኔ አፖሌና፣ የዚያ ቤት ቁልፍ ያዥ፣ ጠዋት ጠዋት የሹራብ ሥራዬን ይዤ ምድጃው አጠገብ ስለምቀመጥ አብሬ እሰማለሁ። ስለዚህ በመዝገብ ፈላጊው በቦሁሚል ዘሌንካ ደብዳቤዎች መሀል ልጅቱ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ የምትዘላቸው መስመሮች እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ከናፖሊ ሲጽፍ፣ «የጌታዬ አያት እናት የተጠመቁበትን መዝገብ አገኘሁ፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ ስማቸው ግን ተርፏል» ይላል። ሲዶኒ ይህን ጥርት አድርጋ ታነባለች። ከዚያ ዝም። ጉንጯ ቀላ ይልና ዓይኗ ወደ ታች ይሮጣል፤ ወዲያው «በታላቅ አክብሮት፣ ቦሁሚል ዘሌንካ» ብላ ወረቀቱን ታጥፋለች። ኮንቱ «ይኸው ነው?» ይላሉ። «ይኸው ነው፣ አባቴ።» ወረቀቱ ግን ግጥም ብሎ የተጻፈበት አራት ገጽ ነው።

የብራንቴል ቤት የመጀመሪያው ሰው ከሎሬን ተነሥቶ አንድ ፈረስ ይዞ ሞራቪያ ከገባ ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ዘሩ እንደ ሐረግ ተሳበ፦ አንዱ ናፖሊ ሄዶ አገባ፣ አንዱ ክራኮቭ ላይ ጳጳስ ሆነ፣ አንዱ ናሙር ከጦሩ ጋር ሰፈረ። ኮንት ኤርቪን ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ማን ማንን ወለደ፣ የት ተቀበረ፣ ጋሻው ላይ ምን ተሥሎ ነበር፤ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላማ የቀራቸው አገር እሱ ነበር።

ችግሩ ቤቱ የሚወረሰው በወንድ መሆኑ ነው። ኮንቱ ሲሞቱ ግቢው፣ ደኑና የፕሪም ማሳው ጋሊሲያ ለሚኖር ለአጎት ልጅ ይሆናል። ሲዶኒ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የምታድርበት ጣሪያ የላትም። ብርኖ ከተማ ውስጥ ግን የመኳንንት ሴቶች ማኅበር አለ። እዚያ የገባች ጥቁር ለብሳ፣ የወርቅ ኮከብ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዕድሜ ልኳን እንደ እመቤት ትኖራለች። ካገባች ቦታው ይቀርባታል። ለመግባት ደግሞ የአያት አያቶቿ፣ ዐሥራ ስድስቱም፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ ከመኳንንት የተወለዱ መሆናቸው በመዝገብ መረጋገጥ አለበት። ከከተማ መቃብር ቤት እስከ ገጠር ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ያንን መዝገብ እንዲያመጣ የተቀጠረው ዘሌንካ ነበር።

የመንደር ኦርጋን መቺ ልጅ ነው፤ ብርኖ የመዛግብት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ቀጭን ነው፣ ኮቱ ክርኑ ላይ እራፊ ተጥፎበታል። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት አምስት ሳምንት የእኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ አሮጌ ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ሲዶኒ የደበዘዘ ጽሕፈት እንድታነብለት ፊት ለፊቱ ትቀመጥ ነበር። ሠረገላ ነጂያችን ማቱሽ «ሙት ቆጣሪው» ብሎ ስም አወጣለት። «ዛሬስ ስንት ሬሳ አገኘህ?» ይለዋል በር ላይ። እሱ አይቀየምም። «ሦስት፣ አንዷ ግን ቆንጆ ነበረች» ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ አንድ ስም ጮክ ብሎ ሲያነብ ደረስሁ። ለምን ጮክ እንደሚል ሲዶኒ ጠየቀችው። ይህች ሴት ከሞተች መቶ አርባ ዓመት እንደሆናት፣ ስሟን ሰው በአፉ ከጠራው ስንት ዘመን እንዳለፈ እንደማይታወቅ፣ እሱ መዝገቡን ከዘጋው በኋላም ምናልባት ማንም ደግሞ እንደማይጠራት ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እኔ ትሪውን አስቀምጬ ስወጣ ያየሁትን አየሁ፦ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ ወረቀቱን ግን አንዳቸውም አያዩትም።

ዐሥራ አራት ወር ዞረ። ዐሥራ አምስቱ አያቶች አንድ በአንድ ተገኙ። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፦ አጋት፣ የናሙሯ። ሻምበል ብራንቴልን ያገባችው። በቤቱ የዘር ሐረግ ብራና ላይ «አጋት ዴ ኤልፖርት» ተብላለች፣ የኤልፖርት ባለርስት ልጅ ማለት ነው። ሥዕሏ የላይኛው መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከራሷ በላይ ሰማያዊ ጋሻ አለ፣ ጋሻው ላይ ነጭ በር ተሥሏል።

በግንቦት መጨረሻ ከናሙር አጭር ደብዳቤ መጣ። ሲዶኒ ይችን ለአባቷ አላነበበችም፤ ማድቤት ድረስ ወርዳ ለእኔ አሳየችኝ። «የመጨረሻዋን አገኘኋት። በደብዳቤ የሚነገር አይደለም። ተመልሼ ስመጣ ለብቻዎ እንዳነጋግርዎ ይፍቀዱልኝ።»

«አፖሌና፣ ሊጠይቀኝ ነው» አለችኝ። የምትስቅ ይመስላል፣ የምታለቅስም ይመስላል። ምን ብላ እንደምትመልስለት ጠየቅኋት። እንደማታውቅ፣ ግን ጥያቄውን እስከምትሰማ ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረችኝ። በጡቴ ባላጠባትም በእጄ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ እንደዚያ ቀን አምራ አላየኋትም።

የመጣ ቀን ግራጫ ቀሚሷን ለበሰች። በእኛ አገር ወይዘሪት ከወንድ ጋር ለብቻዋ አትቆምም፤ ስለዚህ «ለብቻ» ማለት ከእኔ ጋር ማለት ነው። የፕሪም ዛፎቹ መሀል ከእነሱ ዐሥር እርምጃ ርቄ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። መስማቴን አውቀው ነው የተነጋገሩት።

ዘሌንካ ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው። ኤልፖርት የሚባል ርስት በዓለም ላይ እንደሌለ ነገራት። ስሙ አንድ ቃል ነው፤ ዴልፖርት። በናሙሮች ቋንቋ «የበር» ማለት ነው። ከዘመናት በኋላ አንድ ጸሐፊ ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀውና ባለርስት አደረጋት፣ ሠዓሊው ደግሞ ጋሻ ፈጠረላት። አጋት ገዳም በር ላይ ተጥላ የተገኘች ሕፃን ናት። እናቷም አባቷም አይታወቁም።

የሲዶኒ ደስታ ከፊቷ ላይ እንደ ውሃ ሲፈስስ ከተቀመጥሁበት ታየኝ።

«ለዚህ ነው የመጡት?» አለችው።

«ለዚህ ነው።»

«ይህን ፈልገው ነው የሄዱት። ወደ እኔ መውጣት ቢያቅትዎ እኔን ወደ ታች ለመሳብ።»

ዘሌንካ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ከፍ አላለም።

«ወይዘሪት፣ ይህች ሴት ታች አይደለችም» አለ። «መዝገቡ ፊት ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። የነገሥታት መቃብር ፊት ቆሜ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ግን ሆኜ አላውቅም። ሲያነቡት ይገባዎታል።»

ወረቀቱን አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከአጠገቤ አስቀመጠው። ሌላ ማንም ናሙር ድረስ እንደማይሄድ፣ ዝም በል ካለችው ዕድሜ ልኩን ዝም እንደሚል፣ እውነት ነው ብሎ ግን መፈረም እንደማይችል፣ የሚፈርም ሌላ ሰው መፈለግ እንዳለባት ነገራት። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ማቱሽ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲወስደው መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ ነገረኝ። ማቱሽም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደበትም።

አራት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። በአምስተኛው ቀን አንሶላ ይዤ ሳልፍ መተላለፊያው ላይ፣ ከአጋት ሥዕል ፊት ቆማ አገኘኋት። የሰጠንን ወረቀት በእጇ ይዛለች። በልጅነቷ ያን ሥዕል አትወደውም ነበር። አጋት የእጇ አንጓ ወፍራም ነው፣ የሥራ እጅ ነው፤ አንዱን እጅ በሌላው ላይ አድርጋ ተመልካቹን ትኩር ብላ ታያለች።

«አንቺ ብትሆኚ ለአባቴ ትነግሪያቸዋለሽ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሣ።

«ልጄ፣ እኔ የእናቴን እናት እንኳ አላውቃትም» አልኋት። «ስሟን የነገረኝ የለም። ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ።»

ዞር ብላ አየችኝ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታኛለች፤ እንደዚያ ግን አይታኝ አታውቅም። አንሶላውን ከእጄ ተቀብላ ወንበር ላይ አኖረችውና እጄን ያዘችኝ። ወደ አባቷ ክፍል ስንገባ እጄን አልለቀቀችውም ነበር።

ኮንቱ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ አርፋ ተቀምጠዋል። ሲዶኒ ከእግራቸው ሥር ዝቅ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አንድም መስመር ሳትዘል አነበበች።

«በ1751 ፌብሩዋሪ አምስት ቀን ንጋት ላይ በረኛዋ እማሆይ የደወል ድምፅ ሰምታ በሩን ስትከፍት ሴት ሕፃን አገኘች። በወንድ ኮት ተጠቅልላለች። በረዶ ይጥላል፤ የሕፃኗ ገላ ግን ገና ሙቅ ነው። ዕለቱ የቅድስት አጋታ ስለሆነ አጋት ተባለች። የተገኘችው በር ላይ ስለሆነ ዴልፖርት።»

ከሥሩ የጋብቻው ቃል ተገልብጧል። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። የሙሽሪት አባት ስም በሚጻፍበት ቦታ ካህኑ ባዶ ትቶት ነበር። ሻምበል ብራንቴል ብዕሩን ተቀብሎ በገዛ እጁ እንዲህ ሞልቶታል፦ «እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል። እሷን እኔ አውቃታለሁ።»

እኔ የኮንቱን እጅ ነበር የማየው፤ የወንበሩን ክንድ ጨብጠውታል። ያቺ ሐረግ ከተበጠሰች ሰውየው አብረው የሚወድቁ መስሎኝ ውሃ ለማምጣት ተነሣሁ።

«ተቀመጪ፣ አፖሌና» አሉኝ። ከዚያ ለልጃቸው፣ «ወደ እሷ ውሰጂኝ።»

በግራና በቀኝ ደግፈን መተላለፊያው ላይ አቆምናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሸራውን ፈለጉ። ፊቷን አልፈው፣ ትከሻዋን አልፈው፣ ቀለሙ ወፈር ያለበት እጇ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሰባ ዓመት ሙሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከዚህች ሴት በላይ ያለውን ጋሻ ስደግም ኖርሁ። እሷን አንድ ቀን አላሰብኋትም።»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ—»

«ቆይ፣ አስቢው እስቲ። ያቺ በረኛ ተኝታ ቢሆን፣ ወይ ብርዱን ፈርታ ትንሽ ብትዘገይ፣ አያቴ የለም። ጳጳሱ የለም። ናፖሊ ያሉት የሉም። እኔ የለሁም፣ አንቺ የለሽም።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ የሐዘን ግን አልነበረም። ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። «ከሎሬን በፈረስ መጣን ስል የኖርሁት ውሸቴን ነው። እኛ ሁላችን የገባነው በዚያች በር ነው።»

ግንባራቸውን ሸራው ላይ አሳረፉ። ከሲዶኒ ጋር ተያየን። እንደዚያ ሆነው ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም።

ወደ ወንበራቸው ስንመልሳቸው በእጃቸው ፊታቸውን ጠርገው አንድ ነገር ጠየቁ።

«አሁን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የዘለልሻቸውን መስመሮች አንብቢልኝ።»

ሲዶኒ ደነገጠች። ምን መስመር ለማለት አፏን ከፈተች።

«ልጄ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ከመዝለልሽ በፊት ሁልጊዜ ትተነፍሻለሽ። ስንት ደብዳቤ ናቸው?»

«ዐሥራ ሁለት» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ።

ሮጣ አመጣቻቸው። መጀመሪያ ላይ እየተደናቀፈች፣ በኋላ ድምፅዋ እየጠራ፣ ሁሉንም አነበበች። ከክራኮቭ የጻፈውን አልረሳውም፦ «ዛሬ የሞቱ ሰዎችን ስም ስገለብጥ ዋልሁ። ሥራዬን ስጨርስ ባዶ ወረቀት አውጥቼ የእርስዎን ስም ጻፍሁበት። ለምንም አይደለም። ሕያው ስም መጻፍ አምሮኝ ነው።» የዝይ ጥብሱ ምድጃ ላይ አረረ፤ የተነሣለት የለም።

ኮንቱ ያን ቀን ምንም ፍርድ አልሰጡም። በማግሥቱ ጠዋት ግን አስጠሩን። ማኅበሩ ለሰጣት ቀጠሮ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። ይህ ነገር ከቤት ሳይወጣ፣ እንደ ወረቀት ስሕተት ተቆጥሮ፣ ተዳፍኖ እንዲቀር ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት። አልፈልግም አለች። ያለ ቤት እንደምትቀር ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አውቃለሁ አለች። «እንግዲያው ብርኖ እንሄዳለን» አሉ። «አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሻምበሉ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበር። ከአንቺ ይበልጥ እንደሆነ እናያለን።»

ለዘሌንካ አልጻፈችለትም። ብዕር አንሥታ ስትጥል አይቻለሁ፤ የተናገረችው ቃል ያሳፍራታል። ስለዚህ እሱ፣ መዝገብ መርማሪ ሆኖ ተጠርቶ፣ በዚያ ትልቅ አዳራሽ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላ ፈራሚ አግኝታ ልትምል የመጣች መስሎት ነበር። ስንገባ ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አላነሣም።

የማኅበሩ አለቃ ሸምገል ያሉ ወይዘሮ ናቸው፣ ጥቁር የለበሱ። በግራና በቀኛቸው ለመማል የተጠሩ ሁለት መኳንንት ተቀምጠዋል። እንደ ደንቡ ሲዶኒ መሀል ቆማ ዐሥራ ስድስቱን መጥራት ጀመረች። ስም፣ ቤት፣ አገር። ከኋላዬ ኮንቱ በከንፈራቸው አብረዋት ይደግማሉ። ዐሥራ አምስተኛውን ጨርሳ ቆም አለች። ትንፋሿን ሳበች።

«ዐሥራ ስድስተኛዋ አጋት ናት» አለች። «ቤት የላትም። ናሙር ከተማ፣ በበረዶ፣ ገዳም በር ላይ ተጥላ ተገኘች። ጋሻዋን ሠዓሊ ነው የፈጠረላት። እኔ የእሷ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ነኝ።»

ዘሌንካ ቀና አለ። የዚያን ሰው ፊት ለመግለጽ ቃል የለኝም።

አለቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሪት፣ ይህን ባይናገሩት ኖሮ እኮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እመቤቴ። እሷን ግን ማንም አይጠራትም ነበር።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ በበትራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሡ ሁለቱ መኳንንት ተነሡ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ደንቡ ደንብ ነው፣ ቦታው ለሌላ ሴት ተሰጠ። ሲዶኒ ግን ያን አዳራሽ የወጣችው ሰው ሁሉ ቆሞላት ነው።

ጋሊሲያ ያለው ዘመድ በኋላ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ የናፖሊዋ አክስት የሠርጉን ጥሪ ሳይከፍቱ እንዴት እንደመለሱት፣ በመስከረም የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሙሽራው አባት ኦርጋኑን ሲመታ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ኮንቱም ብርኖ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእነሱ ጋር ሦስት ዓመት እንዴት ደስ ብሏቸው እንደኖሩ፣ ያ ሁሉ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያን ቀን ከደረጃው በታች ምን እንደሚጠብቀን የሚያውቅ አልነበረም።

ሲዶኒ ቀድማ ደረጃውን ስትወርድ ዘሌንካ ከኋላዋ ደረሰባት። እሷም ዞራ አየችው።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

ቃሉን ሰማ። «ይቅር ይበሉኝ» አላለችውም። የደረጃውን ብረት ያዘ።

«ወይዘሪት፣ እኔ ምንም የለኝም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኪራይ ክፍል—»

«እኔም ከዛሬ ጀምሮ የለኝም። ሲዶኒ በለኝ።»

«እርስ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ከዚያ፣ «አንቺ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ቃል ደገመው፤ «አንቺ»፤ አዲስ ቋንቋ እንደሚማር ሰው፣ እንዳይሰበርበት እየፈራ። እሷ ጓንቷን አውልቃ ባዶ እጇን ሰጠችው። አልሳመውም። በሁለት እጁ ያዘው፣ እንደዚያው ቆመ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ የጌቶችን ነገር ከማየት ዓይኔን መልሼ አላውቅም። ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ኮንቱ ደረጃው አናት ላይ፣ ከአጠገቤ፣ የማቱሽን ክንድ ይዘው ቆመዋል። ጸጥታው ረዘመባቸው።

«አፖሌና፣ ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምንም፣ ጌታዬ። ቆመዋል።»

ኮንት ኤርቪን እጃቸውን ወደ ራሳቸው ልከው ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። ማቱሽም አይቶ አወለቀ። ከእኛ ማንም ለመውረድ አልቸኮለም።